የአርቲስቲክ ዋና ተወዳዳሪዎችን የኤሮቢክ ብቃት ገንዳ ውስጥ መለካት

በማሠለጥንበት የአርቲስቲክ ዋና (በሙዚቃ የታጀበ የውሃ ትርኢት) ክለብ ሁለት ልጆች ነበሩ። አንደኛዋን በመሮጫ ማሽን ላይ የሚስተካከላት አልነበረም፤ ሌላኛዋ ግን ገና በአምስተኛው ደቂቃ ፊቷ በርበሬ መስሎ «ይቁምልኝ» ትል ነበር። በመዝገባችን ላይ የመጀመሪያዋ ባለ ብዙ ትንፋሽ፣ ሁለተኛዋ ደካማ ተብላ ተጻፈች። የዓመቱን ትርኢት በሙዚቃ መለማመድ ስንጀምር ሯጯ ገና ግማሽ ላይ ውሃው አገጯን ነካት፤ «ደካማዋ» ሙዚቃው እስኪያልቅ ትከሻዋን ከውሃ በላይ እንዳወጣች ጨረሰች። የማሽኑን ውጤት ከዚያ ወዲህ ለቡድን ምርጫ ተጠቅሜበት አላውቅም።

ከዚህ በታች ያለው ዛሬ የኤሮቢክ ብቃትን፣ ማለትም ሰውነት ኦክስጅን እየተጠቀመ ለረዥም ጊዜ የመሥራት አቅሙን፣ የምለካበት መንገድ ነው። ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የ25 ሜትር ገንዳ፣ ሴኮንድ የሚቆጥር ሰዓት፣ ቪዲዮ የሚቀርጽ ስልክ፣ ደብተር፣ ሁለት ረዳቶችና አንድ የነፍስ አድን ሠራተኛ ይበቃሉ። ሦስት ፈተናዎች አሉት። በሦስት የተለያዩ ቀናት ቢሰጡ ይመረጣል፤ በአንድ ቀን ጨርሼ ልገላገል ያለ አሰልጣኝ የሚለካው ድካምን ብቻ ነው።

ስፖርቱ ከሰውነት ምን ይፈልጋል?

እስከ እ.ኤ.አ. 2017 ድረስ ሲንክሮናይዝድ ዋና ይባል የነበረው ይህ ስፖርት በ1984 በሎስ አንጀለስ ወደ ኦሊምፒክ ገባ። ተመልካች የሚያየው ፈገግታውንና የሚያብረቀርቀውን የዋና ልብስ ነው። ከውሃው በታች ያለው ሥራ ሌላ ነው። የቡድን ነጻ ትርኢት 3 ደቂቃ ከ30 ሴኮንድ ያህል ይፈጃል፤ በዚህ ጊዜ ሁሉ የገንዳውን ወለል ረግጦ መነሣት ክልክል ነው። ዋናተኛዋ ከጊዜው ግማሽ ለሚጠጋው ፊቷ ውሃ ውስጥ ነው፤ ቁልቁል ተዘቅዝቃ በመዳፎቿ ውሃውን እየቀዘፈች እግሮቿን ወደ ላይ ታቆማለች። ወደ ላይ ስትወጣም እረፍት የለም። እጆቿን ወደ ሰማይ ዘርግታ የምትንሳፈፈው በኤግቢተር ነው፤ ይኸውም ሁለቱ እግሮች እንደ እንቁላል መምቻ በየተራ እየተሽከረከሩ ሰውነትን ወደ ላይ የሚገፉበት ርግጫ ነው።

ስለዚህ የምንለካው አቅም ሦስት ነገር መያዝ አለበት፦ ውሃ፣ የኤግቢተር እግርና የተቆራረጠ ትንፋሽ። ሩጫ ሦስቱም የሉትም። ብስክሌት የሚያሠራው እግር ከኤግቢተር ጋር ትንሽ ዝምድና ቢኖረውም ዳሌን እንደዚያ አያዞርም።

የልብ ምት ላይ አንድ ነገር ከወዲሁ ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ስለሆነ። ትንፋሽ ተይዞ ፊት ውሃ ውስጥ ሲገባ ሰውነት ኦክስጅን ለመቆጠብ ሲል የልብን ፍጥነት ይቀንሳል። ልጅቷ በሙሉ ኃይሏ እየሠራች ሳለ ምቷ ወርዶ ሊታይ ይችላል፤ ስትወጣና ስትተነፍስ መልሶ ይወነጨፋል። በተገለበጠችበት ሰዓት የተመዘገበን ቁጥር አይቶ «ብዙም አልደከማትም» ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። ውሃ ውስጥ የሚደረስበት ከፍተኛ ምትም ከየብሱ በደቂቃ 10 ገደማ ማነሱ የተለመደ ስለሆነ፣ በሩጫ የተገኘን የልብ ምት ወሰን ወደ ገንዳ ማምጣት አያዋጣም።

ከሁሉ በፊት ደኅንነት

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 በቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮና አሜሪካዊቷ አኒታ አልቫሬዝ የነጠላ ትርኢቷን ጨርሳ ራሷን ስታ ወደ ገንዳው ወለል ሰጠመች። አሰልጣኟ አንድሪያ ፉዌንቴስ፣ ራሷ ለስፔን አራት የኦሊምፒክ ሜዳልያ ያገኘች ዋናተኛ፣ ከነልብሷ ዘልላ ገብታ አወጣቻት። አልቫሬዝ በዓለም ደረጃ የሠለጠነች ተወዳዳሪ ነበረች። እርስዎ የሚፈትኗት የ13 ዓመት ልጅ ያን ልምድ የላትም።

ስለዚህ በዚህ መመሪያ ውስጥ «እስከምትችይ ድረስ ትንፋሽሽን ያዢ» የሚል ፈተና አያገኙም። ትንፋሽ መያዝ ፍላጎትንና እልህን ይለካል፤ የሚፈለገው ደግሞ ከያዘች በኋላ ምን ያህል ቶሎ ታገግማለች የሚለው ነው። የሚከተሉት አይታለፉም፦

- የነፍስ አድን ሠራተኛ ገንዳው ዳር ይቁም፤ ዓይኑ ከሚፈተኑት ልጆች ላይ አይነሣ። ሰዓት የሚይዘው ሰው ነፍስ አድን መሆን የለበትም።
- ከመጥለቅ በፊት ደጋግሞ በኃይል መተንፈስ ፈጽሞ ይከለከል። ይህ ኦክስጅን የሚጨምር ይመስላል፤ የሚያደርገው ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድን ማውጣት ነው። «ተንፍሺ» የሚለውን የሰውነት ማስጠንቀቂያ ስለሚያዘገየው ልጅቷ ሳይታወቃት ራሷን ልትስት ትችላለች።
- አስም፣ የሚጥል በሽታ፣ የልብ ችግር ወይም ራስን የመሳት ታሪክ ያላት ልጅ ያለ ሐኪም ፈቃድ አትፈተን። ትኩሳትና ጉንፋን ካለ ፈተናው ይተላለፍ።
- የምልክት ቋንቋ አስቀድመው ይስማሙ። እጇን በቡጢ ጨብጣ ካወጣች ፈተናው ይቆማል፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም።

ዝግጅት

ፈተናው ከባድ ልምምድ ከተሠራበት ቀን ማግስት አይሁን። ልጆቹ ከባድ ምግብ ከበሉ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይለፋቸው። ሰዓቱ አንድ ዓይነት ይሁን፤ የመጀመሪያውን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሰጥተው የሚቀጥለውን ማታ 12 ሰዓት ላይ ከሰጡ የሚያነጻጽሩት ልጅቷን ሳይሆን ሰዓቱን ነው። የውሃውን ሙቀት በቴርሞሜትር ለክተው ይጻፉ፤ ለዚህ ስፖርት ወደ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ተስማሚ ነው። የሚፈተኑበት ቦታ እግር ወለል የማይነካበት ጥልቅ መሆን አለበት።

ማሟሟቂያው 15 ደቂቃ ይበቃል፦ 300 ሜትር ቀላል ዋና፣ ከዚያ አራት ጊዜ 30 ሴኮንድ ኤግቢተር፣ በመጨረሻ 5 ደቂቃ ዕረፍት። ሁልጊዜ ይህንኑ ያሠሩ።

የልብ ምትን በተመለከተ ደረት ላይ የሚታሰር ቀበቶ ካለ ከዋና ልብሱ ሥር ይታሰር። ሆኖም የገመድ አልባ ምልክት ውሃን አልፎ ወደ ስልክ ስለማይደርስ ራሱ መዝግቦ የሚይዝ ዓይነት ያስፈልጋል። የእጅ ሰዓቶች እዚህ ሥራ ላይ አያስተማምኑም። ምንም ከሌለ በአንገት ላይ ጣት አድርጎ ለ10 ሴኮንድ ቆጥሮ በ6 ማባዛት ነው፤ ነገር ግን አንድ ምት የሳተ ቆጣሪ በደቂቃ 6 ምት ይስታል። ስለዚህ ረዳቱ ቀደም ብሎ ይለማመድ። ልጅቷ ራሷ ትቁጠር ማለት አያዋጣም፤ እያለከለከች የምትቆጥር ልጅ የፈለገችውን ቁጥር ነው የምትነግራችሁ።

ፈተና አንድ፦ 400 እና 200 ሜትር ፍሪስታይል

ይህ መሠረቱን ለማየት ነው፤ ስለ ትርኢት ብዙ አይናገርም፣ ግን ቀላልና ተደጋጋሚ ነው። ልጅቷ 400 ሜትር በፍሪስታይል (በሆድ ተኝቶ እጆችን እያፈራረቁ መዋኘት) በምትችለው ፍጥነት ትዋኛለች፤ ሰዓቱ ይያዛል። ቢያንስ 30 ደቂቃ ካረፈች በኋላ፣ ቢቻል በማግስቱ፣ 200 ሜትር እንዲሁ። መነሻው ከግድግዳ ገፍቶ እንጂ ከመዝለያ አይሁን።

ስሌቱ እንዲህ ነው። አንዲት ልጅ 400ውን በ6 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ጨረሰች እንበል፤ 400 ሴኮንድ ማለት ነው። 200ውን በ3 ደቂቃ ከ10፣ ማለትም በ190 ሴኮንድ ዋኘች። የርቀቱ ልዩነት 200 ሜትር፣ የጊዜው ልዩነት 210 ሴኮንድ ነው። 200ን ለ210 ሲያካፍሉ 0.95 ሜትር በሴኮንድ ይወጣል፤ በ100 ሜትር ሲታሰብ 1 ደቂቃ ከ45 ሴኮንድ። ይህ ልጅቷ ሳትዝል ለረዥም ጊዜ ልትይዘው የምትችለው ፍጥነት ግምት ነው፤ የጽናት ልምምዷንም በዚህ ዙሪያ ማቀድ ይቻላል።

ሁለቱንም ርቀት በቅንነት ካልዋኘች ቁጥሩ ይበላሻል። 200ውን ተዝናንታ ከዋኘች ስሌቱ ከእውነቱ የበለጠች ያስመስላታል። ውጤቱ ከዋና ስልት ጋርም የተያያዘ ስለሆነ ፍሪስታይል በደንብ የማትችል ልጅን ከምትችለው ጋር አያወዳድሩ።

ፈተና ሁለት፦ በድምፅ ምልክት የሚጓዝ ኤግቢተር

ለእኔ ዋናው ፈተና ይህ ነው። በገንዳው ጥልቅ ክፍል 10 ሜትር ለክተው በመስመር መለያው ገመድ ላይ በሁለቱም ጫፍ ቀይ ጨርቅ ይሰሩ። ስልክ ላይ በተወሰነ ሴኮንድ የሚጮህ ድምፅ አስቀድመው ይቅረጹና በድምፅ ማጉያ ያሰሙ። ጭንቅላታቸው ከውሃ በላይ ስለሚሆን የውሃ ውስጥ ድምፅ ማጉያ አያስፈልግም።

ልጅቷ ወደ ጎን እየተጓዘች፣ መዳፎቿ ከውሃ በታች እየቀዘፉ፣ የአንገት አጥንቷ ከውሃው በላይ እንደታየ ከጨርቅ ወደ ጨርቅ ትመላለሳለች። በየድምፁ ጨርቁ ጋ መድረስ አለባት። እያንዳንዱ ደረጃ ስድስት ጉዞ ነው፦ በመጀመሪያው ደረጃ ለ10 ሜትር 24 ሴኮንድ ይሰጣል፤ በሁለተኛው 22፤ በሦስተኛው 20፤ እንዲህ በ2 ሴኮንድ እየቀነሰ ይሄዳል። በደረጃዎች መካከል ዕረፍት የለም። አምስተኛውን ደረጃ የጨረሰች ልጅ ልክ 10 ደቂቃ ሠርታለች።

እነዚህን ሴኮንዶች ለራሴ ልጆች ሞክሬ ያስቀመጥኳቸው ናቸው፤ ለሁሉም ቡድን አይሆኑም። መመዘኛው ቀላል ነው፦ አብዛኞቹ ልጆች ከ8 እስከ 12 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ መድከም አለባቸው። በ5 ደቂቃ የሚወድቁ ከሆነ መነሻውን ወደ 28 ሴኮንድ ያዘግዩት፤ 15 ደቂቃ የሚቆዩ ከሆነ ያፍጥኑት። አንዴ ከወሰኑ በኋላ ግን ለዓመቱ አይንኩት።

ፈተናው የሚያበቃው ልጅቷ በተከታታይ ሁለት ጊዜ ዘግይታ ስትደርስ ወይም ውሃው በተከታታይ ሁለት ጊዜ ከአንገት አጥንቷ ሲያልፍ ነው። አንድ ረዳት ከፍታውን ብቻ ይመልከት። አሰልጣኝ ሁሉንም በአንድ ላይ ሲያይ ለሚወዳት ልጅ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ራሴን አውቀዋለሁ።

የሚመዘገበው የተጓዘችው ጠቅላላ ርቀት ነው። አራት ደረጃ ጨርሳ በአምስተኛው ሦስት ጉዞ ካደረገች 27 ጉዞ፣ 270 ሜትር ይሆናል። ከቆመች ከ5 ሴኮንድ በኋላ የልብ ምቷን ለ10 ሴኮንድ ይቁጠሩ፤ አንድ ደቂቃ ሲሞላ ይድገሙ። በዚያች ደቂቃ ግድግዳውን ይዛ ጸጥ ትበል። በመጨረሻ ከ0 እስከ 10 ምን ያህል እንደከበዳት ትናገር፤ ጓደኞቿ እንዳይሰሙ በጆሮ ቢሆን ጥሩ ነው። ጓደኛዋ 6 ስትል የሰማች ልጅ 9 አትልም።

ፈተና ሦስት፦ የትርኢት ቁራጭ

አሁን ትንፋሽ ወደ ጨዋታው ይገባል። አንድ ዙር 40 ሴኮንድ ነው፦ 10 ሴኮንድ ቁልቁል ተዘቅዝቆ እግሮችን ቀጥ አድርጎ መቆም፣ 10 ሴኮንድ ሁለት እጅ ወደ ላይ ተዘርግቶ ኤግቢተር፣ ከዚያ ሁለቱም አንድ ጊዜ ይደገማሉ። በየ1 ደቂቃ ከ30 ሴኮንዱ አዲስ ዙር ይጀመራል፤ ስለዚህ በመሃል 50 ሴኮንድ ዕረፍት አለ። ስድስት ዙር ይሠራል። የውሃ ውስጡ ክፍል ከ10 ሴኮንድ በላይ አይሄድም፤ የበረታች ልጅ «15 ላድርገው» ብትልዎ እንኳ አይፍቀዱ። ቀድማ ከወጣች ይመዝገብ እንጂ እንደ ጥፋት አይቆጠርባት። ምልክቱ ውሃ ውስጥ እንዲሰማ የገንዳውን መሰላል በብረት መምታት በቂ ነው።

እዚህ የሚለካው ቁመቷ፣ ማለትም ከውሃ በላይ የምትወጣበት ከፍታ፣ ነው። በዋና ልብሷ ፊት ለፊት ከአንገት አጥንት ጀምሮ ወደ ታች በየ5 ሳንቲሜትሩ መስመር ይሠመራል። መጀመሪያ በነጭ ቴፕ ሞክሬ ነበር፤ በሦስተኛው ዙር ቴፑ ሁሉ ተላቅቆ ገንዳው ላይ ሲንሳፈፍ ልጆቹ በሳቅ ፈርሰው ፈተናው ተበላሸ። አሁን አንድ አሮጌ ጥቁር ልብስ ላይ በነጭ ክር መስመሮቹን አሰፍቼ ለዚሁ ብቻ አስቀምጫለሁ፤ በተለያየ ልክ ሁለት ይበቃሉ። ስልኩ ከፊት ለፊት፣ ከውሃው ገጽ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በማይንቀሳቀስ ነገር ላይ ይቀመጥ። በኋላ ቪዲዮውን በየኤግቢተሩ አምስተኛ ሴኮንድ ላይ አቁመው ውሃው የትኛው መስመር ላይ እንዳለ ያንብቡ።

በመጀመሪያው ዙር ውሃው አራተኛው መስመር ላይ ነበር፣ በስድስተኛው ሁለተኛው ላይ ደረሰ እንበል፤ ልጅቷ 10 ሳንቲሜትር ወርዳለች ማለት ነው። ዳኛ የሚያየው ይህንን ነው። የልብ ምት እንደ ሁለተኛው ፈተና ከመጨረሻው ዙር በኋላ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። 168 ሆኖ ከደቂቃ በኋላ 132 ከሆነ 36 ምት ወርዷል፤ ይህ ልዩነት በሚቀጥለው ፈተና ቢሰፋ ማገገሟ ተሻሽሏል።

የላክቴት (ጡንቻ በብርቱ ሲሠራ ደም ውስጥ የሚበዛ ንጥረ ነገር) መለኪያ ያለው ክለብ ከመጨረሻው ዙር በኋላ በ1ኛው፣ በ3ኛውና በ5ኛው ደቂቃ ከጣት ደም ሊወስድ ይችላል። ጣቱ በደንብ ይድረቅ፣ የመጀመሪያዋ ጠብታ ትጠረግ፤ ውሃ ከተቀላቀለባት ቁጥሩ ዋጋ የለውም። እኔ ለልጆች አልጠቀምበትም።

ቁጥሮቹን ማንበብ

ፈተናዎቹን መስጠት ሲጀምሩ እያንዳንዱን በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ ይስጡ። ልጅቷ በኤግቢተሩ ፈተና መጀመሪያ 270፣ ሲደገም 290 ሜትር ከሄደች፣ ያለ ምንም ሥልጠና 20 ሜትር ወዲያና ወዲህ ትላለች ማለት ነው። ከሁለት ወር በኋላ 290 ብትሄድ «ተሻሻለች» ብለው ለወላጅ አይንገሩ። 330 ከሄደች ግን ይንገሩ።

ሦስቱ ፈተናዎች ሲለያዩ ነው ነገሩ የሚጥመው። የመጀመሪያው ጥሩ ሆኖ ሁለተኛው ደካማ ከሆነ ሞተሩ አለ፣ የኤግቢተር እግሩ አልበሰለም፤ ተጨማሪ የርቀት ዋና ከመስጠት ይልቅ አጫጭር የኤግቢተር ድግግሞሽ ይስጧት። ሁለቱ ጥሩ ሆነው በሦስተኛው ቁመቷ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ቪዲዮውን ይመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ ከተዘቀዘቀችበት ስትወጣ ሙሉ ትንፋሽ ሳትስብ ወዲያው እጇን ታነሣለች። ያች በመግቢያዬ ያነሣኋት ሯጭ ችግሯ ይኸው ነበር፦ ሰውነቷ አየር የመጠቀም አቅም አለው፣ እሷ ግን አየሩን ለመውሰድ ጊዜ አትሰጥም። የምትተነፍስባቸውን ቦታዎች በሙዚቃው ቆጠራ ላይ ምልክት አድርገንላት ከስምንት ሳምንት በኋላ 5 ሳንቲሜትር ብቻ ወረደች።

ሦስቱም በአንድ ላይ ካሽቆለቆሉ ግን ሥልጠናውን ከመጨመርዎ በፊት ይጠይቁ። እንቅልፍ፣ የወር አበባ፣ ምግብ፣ የደም ማነስ። ውበት በሚዳኝበት ስፖርት ውስጥ ልጆች ምግብ ይቀንሳሉ፤ የብረት እጥረት ያለባት ልጅም የቱን ያህል ብትለማመድ አትሻሻልም። ወደ ሐኪም ይላኳት። በፈተናው ቀን ሚዛን ገንዳው ዳር አታስቀምጡ፤ አደራ።

በዕድገት ላይ ያለች ልጅ ቁጥሯ ለጥቂት ወራት ቢወርድ አይደንግጡ። እግር ሲረዝምና ሰውነት ቅርጹን ሲቀይር በውሃ ላይ መንሳፈፉም ይቀየራል፤ ያንኑ ርግጫ እንደገና መማር አለባት።

ከፍታ

ይህን የሚያነብ ሰው አዲስ አበባ ካለ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ላይ ነው የሚሠራው። አየሩ ስስ ስለሆነ የ400 ሜትር ሰዓት ይዘገያል፣ በሦስተኛው ፈተና ማገገምም ይረዝማል። በቆላ ከተማ ወይም በውጭ አገር ባሕር ዳርቻ የተገኘን ቁጥር ከዚህኛው ጋር አያነጻጽሩ። በሦስተኛው ፈተና ዕረፍቱን ወደ 80 ሴኮንድ ማርዘም፣ የውሃ ውስጡንም ወደ 8 ሴኮንድ ማሳጠር ይሻላል። ከዋሽንግተን ወይም ከቴል አቪቭ ለዕረፍት የመጣች ልጅ ከሆነች ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፈተናውን ይተዉላት፤ እናቷ «እንኳን ገንዳ አገኘን» ብላ ብትለምንዎም እንኳ።

ድግግሞሹ በየስድስት ወይም በየስምንት ሳምንቱ ይበቃል፤ በውድድር ሳምንት ግን ፈጽሞ አይሰጥ። ከእያንዳንዱ ፈተና በኋላ 200 ሜትር በቀላሉ ዋኝተው ይውጡ፣ ፎጣ ይደርቡ፣ ውሃ ይጠጡ። ውጤቱን ለእያንዳንዷ ለብቻዋ ያሳዩአት፤ ደብተሩን ግን መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ረስተው አይሂዱ።